የስኮትላንድን ነፃነት ድሬ ላይ እንዴት ማከራከር ይቻላል

የክርክር ክበብ ያለበት ትምህርት ቤት ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ። ስለ አገር ውስጥ ፖለቲካ ክርክር ሲዘጋጅ ሁለተኛው ተናጋሪ ሳይነሳ አዳራሹ ይከፈላል፤ የሚደመጠው ሐሳቡ መሆኑ ቀርቶ የተናጋሪው ማንነት ይሆናል። ስኮትላንድ ለዚህ መውጫ ትሆናለች። ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከሳቢያን እስከ ሐረር ጀጎል ለኤደንብራ ወይም ለለንደን ደሙ የሚሞቅ ሰው አይገኝም። ጉዳዩ ውስጥ ግን መለያየትም፣ የጋራ ገንዘብም፣ የሕዝብ ድምፅም፣ የመሪ ብልሃትና የመሪ ስህተትም ሁሉም አለ።

ይህ መመሪያ ከ40 እስከ 80 ሰው በሚይዝ ክፍል፣ ሦስት ሦስት ሰው ባላቸው ሁለት ቡድኖች፣ በ100 ደቂቃ ለሚያልቅ ክርክር የተዘጋጀ ነው። ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፦ አንዱ ለርዕስና ለመረጃ ወረቀት፣ ሁለተኛው ለመሪዎች ካርድ፣ ሦስተኛው ለልምምድ። በአንድ ሳምንት እንጨርሳለን የሚሉ ቡድኖች ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ ወጥተው ከስልካቸው ያነባሉ፤ ያ ደግሞ ክርክር አይባልም።

ርዕሱን መቅረጽ

«የስኮትላንድ ነፃነት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» የሚል ርዕስ አታውጡ። ማንን፣ መቼ፣ ከምን አንፃር የሚለው ስለሌለበት ሁለቱ ቡድኖች ሳይገናኙ ያልፋሉ። የርዕስ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ስኮትላንዳውያኑ ራሳቸው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ስለ ነፃነት ለተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መንግሥታቸው መጀመሪያ ያቀረበው ጥያቄ «ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን እንዳለባት ይስማማሉ?» የሚል ነበር። የብሪታንያ የምርጫ ኮሚሽን ጥያቄውን በሰዎች ላይ ሞክሮ «ይስማማሉ» የሚለው መራጩን ወደ «አዎ» ይገፋፋል ብሎ አስቀየረው። በድምፅ መስጫው ላይ የታተመው «ስኮትላንድ ነፃ አገር መሆን አለባት?» የሚል ነው።

ከሚከተሉት ሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጡ፦

1. እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮትላንድ ውስጥ መራጭ ብንሆን «አዎ» እንል ነበር።
2. የወቅቱ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ሕዝበ ውሳኔውን መፍቀዱ ትክክል ነበር።
3. የነፃነት ደጋፊዎች የተሸነፉት በመሪዎቻቸው ድክመት ነው።

ለጀማሪ ሁለተኛው ይሻላል፤ አንድ ሰው፣ አንድ ውሳኔ፣ አንድ ቀን ስላለው ተከራካሪው የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ሦስተኛው ለልምድ ላላቸው ነው። መሪን መመዘንና ነፃነትን መመዘን ሁለት ጉዳይ መሆናቸውን አትርሱ። ጥሩ ዓላማ ደካማ መሪ ሊይዘው ይችላል፤ ጎበዝ መሪም መጥፎ ዓላማን ወንበር ላይ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ርዕስ የጨመቀ ክርክር ዳኞችንም ያደናግራል።

የጋራ መረጃ ወረቀት

ከክርክሩ ሁለት ሳምንት በፊት ሁለቱ ቡድኖች አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይስማሙ። በወረቀቱ ላይ ያለ ነገር መድረክ ላይ አይካድም። ይህ ካልተደረገ ጊዜው የሚያልቀው «ቁጥሩ ስህተት ነው»፣ «አይደለም» በሚል ንትርክ ነው። የሚከተለው ይበቃል።

ስኮትላንድና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1707 አንድ መንግሥት ሆኑ። እንግሊዝ ከዩናይትድ ኪንግደም አራት ክፍሎች አንዷ ብቻ ስለሆነች አገሪቱን በሙሉ «እንግሊዝ» እያለ የሚጠራ ተከራካሪ ነጥብ ይቀነስበታል፤ የክርክሩ ፍሬ ነገር እዚያው ላይ ይጠፋልና። በ1979 ለስኮትላንድ ምክር ቤት ይቋቋም ወይ ተብሎ ሲጠየቅ 51.6 በመቶ ድምፅ ሰጪ «አዎ» አለ፤ ግን ከተመዘገበው መራጭ 40 በመቶው ካልደገፈው አይጸናም የሚል ቅድመ ሁኔታ ስለነበር ወደቀ። በ1997 ድጋሚ ሲጠየቅ 74.3 በመቶ ደገፈ፤ 129 መቀመጫ ያለው ፓርላማም በ1999 ሥራ ጀመረ። በ2011 ነፃነትን የሚደግፈው የስኮትላንድ ብሔራዊ ፓርቲ ከ129ኙ 69 መቀመጫ አሸነፈ። ሴፕቴምበር 18 ቀን 2014 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ «አይሆንም» 55.3፣ «አዎ» 44.7 በመቶ አገኘ፤ 84.6 በመቶ መራጭ ወጥቶ ድምፅ ሰጠ። ከ32 የአስተዳደር አካባቢዎች «አዎ» ያሸነፈው በአራት ብቻ ነው፤ ግላስጎና ደንዲ ከእነሱ ውስጥ ናቸው። በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ስትወስን ስኮትላንድ ውስጥ 62 በመቶው መቆየትን መረጠ። ኖቬምበር 23 ቀን 2022 የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት የስኮትላንድ ፓርላማ በራሱ ሥልጣን ሕዝበ ውሳኔ መጥራት እንደማይችል በአንድ ድምፅ ወሰነ።

ዘመን አቆጣጠሩን በግልጽ ጻፉ። ሕዝበ ውሳኔው በእኛ መስከረም 8 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው፤ አንዱ 2007፣ ሌላው 2014 ሲል አድማጩ ሁለት ምርጫ የተካሄደ ይመስለዋል። ወረቀቱ ሁሉ በፈረንጅ ወር ስም ይሁንና ከላይ አንድ ጊዜ «ሁሉም እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይጻፍበት።

ገንዘቡ ላይ ቆዩ

ከነፃነት ደጋፊዎች መከራከሪያዎች ውስጥ ዋነኛው ስኮትላንድ ያልመረጠችው መንግሥት በተደጋጋሚ ይገዛታል የሚለው ነው። የሰሜን ባሕር ነዳጅና ፋስሌን የሚገኘው የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ጣቢያም ይነሳሉ። በሌላው ወገን ጡረታ፣ ከቀሪው ብሪታንያ ጋር ያለው ንግድና የአውሮፓ ኅብረት አባልነት ይጠቀሳሉ። ይህን ሁሉ ተከራካሪዎች በአንድ ምሽት ያጠኑታል። በ2014ቱ ክርክር ሚዛኑን የደፋው ግን ገንዘብ ነበር፤ ብዙ ቡድኖች የሚሸነፉትም እዚያው ነው።

ነፃ የምትሆን ስኮትላንድ አራት ምርጫ ነበራት። አንደኛው ፓውንድን ከለንደን ጋር በስምምነት መጋራት። ሁለተኛው ፓውንድን ያለ ስምምነት መጠቀም፤ ይህ ይቻላል፣ ግን ባንክ ሲወድቅ የሚያነሳ የራስ ማዕከላዊ ባንክ የለም። ሦስተኛው የራስ ገንዘብ ማተም፣ አራተኛው ዩሮ። የወቅቱ የስኮትላንድ መንግሥትና የብሔራዊ ፓርቲው መሪ አሌክስ ሳልሞንድ የመጀመሪያውን ያዙ። ፌብሩዋሪ 2014 የብሪታንያ የገንዘብ ሚኒስትር ጆርጅ ኦስቦርን ኤደንብራ ድረስ ሄደው «አንጋራም» አሉ፤ ሌሎቹ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎችም ደገፏቸው። ከዚያ በኋላ ሳልሞንድ በሄዱበት ሁሉ የሚጠብቃቸው ጥያቄ «እምቢ ቢሏችሁስ?» የሚል ነበር።

ለድሬ አድማጭ ይህን ማስረዳት ከባድ አይደለም። ሦስተኛውን ምርጫ ለማሳየት የጅቡቲን ፍራንክ አንሱ፤ የራሱ ገንዘብ ነው፣ ግን ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን ታስሯል። የአንድ ጎረቤት ገንዘብ ለሌላው ሲያገለግል የሚመጣውን ጣጣ ለማሳየት ደግሞ ኤርትራ ከነፃነቷ በኋላ እስከ 1997 ድረስ በብር ስትገበያይ መቆየቷን፣ ናቅፋ ሲታተም የንግዱ መክፈያ ምን ይሁን የሚለው ትልቅ ጥያቄ እንደሆነ ጥቀሱ። ምሳሌው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይሂድ፤ ካለፈ ክርክሩ ስኮትላንድን ትቶ አሥመራ ይገባል።

የመሪ ውሳኔ ካርድ

«ቆራጥ ነው»፣ «ሕዝቡን ይወዳል»፣ «ደካማ ነው» የሚሉ ቃላት በዚህ ክርክር አይፈቀዱም። ከጀርባቸው ቀን የተጻፈበት ውሳኔ ሲኖር ብቻ ይፈቀዳሉ። ለእያንዳንዱ መሪ የደብተር ግማሽ ገጽ በሚያህል ካርቶን ላይ አምስት መስመር ይጻፍ፦ ቀኑ፤ በዚያ ቀን መሪው የሚያውቀው ነገር፤ በእጁ የነበሩት አማራጮች፤ የመረጠው፤ ተከትሎ የመጣው። ዳኞች ነጥብ የሚሰጡት ከሁለተኛውና ከሦስተኛው መስመር ነው። አምስተኛውን ብቻ የሚያነብ ተከራካሪ ውጤት አይቶ የሚፈርድ ነው፤ ያንን ማንም ይችላል። እዚህ ላይ ያለን አቋም ጠንከር ያለ ነው፦ ሁለተኛው መስመር ባዶ የሆነ ካርድ መድረክ ላይ መውጣት የለበትም።

ካሜሮን። ኦክቶበር 15 ቀን 2012 ከሳልሞንድ ጋር ኤደንብራ ላይ ስምምነቱን ፈረሙ። በዚያን ቀን የሚያውቁት፦ የነፃነት ደጋፊው ከግማሽ በታች መሆኑን፣ የሳልሞንድ ፓርቲ ግን በስኮትላንድ ፓርላማ አብላጫ መያዙን። አማራጮቹ ሦስት ነበሩ፤ መከልከል፣ «አዎ/አይ» ብቻ ማስጠየቅ፣ ወይም «ተጨማሪ ሥልጣን» የሚል መካከለኛ ምርጫ መጨመር። ካሜሮን ሁለተኛውን ያዙ፤ በለውጡ የድምፅ መስጫውን ጊዜ፣ የጥያቄውን አቀራረብና የ16 ዓመት ወጣቶችን ተሳትፎ ለሳልሞንድ ለቀቁ። ጥንካሬው ግልጽ ነው፤ ጥያቄው በሕግና በስምምነት ተፈታ፣ ተሸናፊውም ውጤቱን ተቀበለ። ድክመቱን ለማየት ሴፕቴምበር 2014ን ማየት ይበቃል። ድምፅ ሊሰጥ 11 ቀን ሲቀረው አንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት «አዎ»ን 51 በመቶ ላይ አስቀመጠው። ካሜሮን፣ የሌበር መሪ ኤድ ሚሊባንድና የሊበራል ዴሞክራቶች መሪ ኒክ ክሌግ ሴፕቴምበር 16 ቀን በጋዜጣ የፊት ገጽ ለስኮትላንድ ተጨማሪ ሥልጣን እንሰጣለን ብለው ቃል ገቡ። በ2012 ከወረቀቱ ያስወጡትን መካከለኛ ምርጫ በመጨረሻው ሰዓት መልሰው አመጡት ማለት ነው። ሁለተኛውን ርዕስ የሚቃወም ቡድን ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ አያገኝም። ደጋፊው ቡድን ደግሞ «ቢከለክል ምን ይመጣ ነበር?» ብሎ ማስጨነቅ አለበት።

ሳልሞንድ። ተመጣጣኝ ውክልና ባለበት፣ ለአንድ ፓርቲ አብላጫ ማግኘት አስቸጋሪ በሆነበት ሥርዓት ውስጥ አብላጫ ማግኘታቸው ብቻውን ጥንካሬያቸውን ያሳያል። ድክመታቸውን በሁለት የቴሌቪዥን ክርክሮች ማየት ይቻላል፤ ለተከራካሪዎቻችን ደግሞ ከሁሉ የላቀ ትምህርት እዚህ ነው። ኦገስት 5 ቀን 2014 ከ«አይሆንም» ዘመቻ መሪው ከአሊስቴር ዳርሊንግ ጋር ሲገጥሙ የመጠየቅ ተራቸውን ተቃዋሚዎች ተናገሩ በተባለ ቀልድ አባከኑት፤ መኪና በየትኛው ጎን እንደሚነዳ፣ ከሕዋ የሚመጣ ጥቃት። ዳርሊንግ በበኩሉ «ሁለተኛው ዕቅድዎ ምንድን ነው?» የምትል አንዲት የገንዘብ ጥያቄ ይዞ አለቀቃቸውም። ወዲያው በተሰበሰበ አስተያየት ዳርሊንግ 56 ለ44 አሸነፈ። ኦገስት 25 ቀን ሳልሞንድ ሁለተኛ ብቻ ሳይሆን ሦስት ተለዋጭ ዕቅድ አለኝ ብለው መጡ፤ ከመቆሚያቸውም ወጥተው ወደ አድማጩ ቀረቡ። ዳርሊንግ ያንኑ ጥያቄ ደጋገመ፤ በዚህኛው 71 ለ29 ተሸነፈ። አንድ ጥያቄ አንድ ጊዜ ይገድላል፤ መልስ ከተዘጋጀለት በኋላ የሚደገም ከሆነ የሚጎዳው ጠያቂውን ነው። ይህን ለቡድኖቹ በልምምድ ቀን ንገሯቸው፣ በክርክሩ ቀንም አስታውሷቸው።

ኒኮላ ስተርጀን። ሳልሞንድን ተክተው ፓርቲውንና የስኮትላንድ መንግሥትን የመሩ ናቸው። በ2015 ፓርቲያቸው በለንደኑ ፓርላማ ካሉት 59 የስኮትላንድ መቀመጫዎች 56ቱን ወሰደ። ማርች 2017 ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ እንደሚጠይቁ አስታወቁ፤ በሦስተኛው ወር በተደረገው ምርጫ ወደ 35 መቀመጫ ወረዱ። ጁን 2022 ኦክቶበር 19 ቀን 2023ን ቀጠሮ ብለው አስታወቁ፤ ሥልጣኑ አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ግን ገና ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነበር። በካርዱ ላይ ጥንካሬና ድክመት በአንድ ውሳኔ ውስጥ ተያይዘው የሚታዩት እዚህ ነው። አስቀድመው ፍርድ ቤት መጠየቃቸው የስፔኗ ካታሎንያ በ2017 ያለ ማዕከላዊ መንግሥቱ ፈቃድ ሕዝበ ውሳኔ አካሂዳ ከገባችበት ፍጥጫ አዳናቸው፤ ሊያደርሱት የማይችሉትን ቀን ቀድመው መናገራቸው ግን ደጋፊያቸውን ባዶ እጁን አስቀረው።

ሐምዛ ዩሱፍ። ከስተርጀን ቀጥለው የስኮትላንድ መንግሥትን የመሩ ናቸው። አጭር ካርድ ነው፣ ግን ለሂሳብ የሚሆን። ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ከግሪን ፓርቲ ጋር የነበረውን ስምምነት አፈረሱ። ፓርቲያቸው የያዘው 63 መቀመጫ፣ ለአብላጫ የሚያስፈልገው 65። ሁለቱን ከየት እንደሚያመጡ ሳያረጋግጡ በር ዘጉ፤ በአራተኛው ቀን ሥልጣን እንደሚለቁ ተናገሩ።

አዳራሹና ሰዓቱ

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 4፡40 ይሁን። ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱም በርጫውም አድማጩን ይወስዱታል፤ ከሰዓት የተጠራ ክርክር ግማሽ አዳራሽ ይዞ ይጀምራል፣ ሩቡን ይዞ ያልቃል። የጣራ ማራገቢያ ካለ መቆሚያው ከሥሩ አይሁን፤ ማይክራፎን ድምፁን ይስባል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ሰዓቱ በስልክ ይያዝ፣ ወረቀቶቹም ቀድመው ይታተሙ። ውሃ ከመጀመሪያው ይኑር፤ ሻይና ቡና ከድምፅ መስጫው በኋላ፤ አለበለዚያ ሰዉ መሃል ላይ ይነሳል።

የደቂቃው ክፍፍል ይህ ነው፦ የመግቢያ ድምፅ 5፤ የመጀመሪያ ተናጋሪዎች ለእያንዳንዳቸው 6፤ ሁለተኛዎቹ 5፤ መስቀለኛ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ቡድን 4፤ የአድማጭ ጥያቄ 20፤ ንጽጽር 10፤ ሦስተኛ ተናጋሪዎች 3፤ የመውጫ ድምፅ 10። ይህ 81 ደቂቃ ነው። የቀረው 19 ደቂቃ ለመዘግየትና ለጭብጨባ ነው፤ ሁሌም ያልቃል።

መድረክ መሪው ሁሉንም ተከራካሪ፣ ጓደኛውንም ታናሹንም፣ «እርስዎ» ይበል። አንዱን «ጋሼ»፣ ሌላውን «አንተ» ካለ አድማጩ ገና ከጅምሩ ማን እንደሚከበር ያያል። ድሬ ላይ ቀልድ መከልከል ከንቱ ልፋት ነው። «ኧረ አቦ!» የሚል ድምፅ ከኋላ ቢመጣ ተዉት፤ ተናጋሪው ስቆ ይቀጥል። የሚከለከለው ቅጽል ስምና የብሔር ስም ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ ማስጠንቀቂያ፣ በሁለተኛው ከቡድኑ 5 ነጥብ ይቀነሳል። ቡድኖቹን ስትመርጡም አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ተናጋሪዎች በሁለቱም ወገን ይደባለቁ፤ ወገኑ በዕጣ ይወሰን። አንድ ቃል ጠፍቶት በሌላ ቋንቋ የሚያስገባ ተናጋሪ አይቀጣ፣ ጎኑ ያለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይተርጉምለት፤ ሰዓቱም ለትርጉሙ ይቁም።

አንቀጽ 39 ሲነሳ

መነሳቱ አይቀርም፤ አብዛኛውን ጊዜ በአድማጭ ጥያቄ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሰው። ማፈን አያዋጣም፣ ቦታ መስጠት ያዋጣል፤ የንጽጽሩ 10 ደቂቃ የተቀመጠውም ለዚህ ነው። መድረክ መሪው ቀድሞ በተጻፈ ወረቀት ሦስት ልዩነት ብቻ ያነባል።

አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመገንጠልን ሥነ ሥርዓት ጽፎ አስቀምጧል፤ የብሔሩ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥያቄውን ሲያጸድቅ፣ የፌዴራሉ መንግሥት ውሳኔው በደረሰው በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያዘጋጃል፣ አብላጫ ድምፅም ይወስናል። በብሪታንያ እንዲህ ያለ አንቀጽ ስለሌለ በ2012 የሁለት መሪዎች ስምምነት አስፈለገ፤ የመሪ ጥንካሬና ድክመት እዚያ ጎልቶ የታየውም ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ማን ድምፅ ይሰጣል የሚለው። በ2014 ለንደን የሚኖር ስኮትላንዳዊ አልመረጠም፤ ግላስጎ የሚኖር የሌላ አውሮፓ አገር ዜጋ ግን መረጠ፤ መስፈርቱ ነዋሪነት ነበር። በሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ 14 መቀመጫዎች ላይ ደግሞ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጣሉ። ይህ ንጽጽር ሐረር ላይ ሞቅ ያለ ውይይት ያስነሳል፤ ሰዓት ያዡ ዓይኑን አይንቀል። ሦስተኛ፣ ስንት በመቶ ይበቃል የሚለው፤ የ1979ኙ የ40 በመቶ ቅድመ ሁኔታ እዚህ ይነሳል።

አንድ ሰው ከዚህ አልፎ የድሬን ወይም የሐረርን አስተዳደር ልከራከር ካለ፣ መድረክ መሪው «ይህ ለሌላ ቀን የተመዘገበ ርዕስ ነው» ብሎ በሰሌዳ ላይ በግልጽ ይጽፍለታል። ጽሑፉን ሲያይ አብዛኛው ሰው ይቀመጣል።

ድምፁን መቁጠር

አድማጭ ሲገባ ቁጥር ያላቸው ሁለት ወረቀቶች ይሰጡት፤ አንዱን ሳይጀመር፣ ሌላውን ሲያልቅ ይጥላል። አሸናፊው ብዙ ድምፅ ያገኘው ሳይሆን ብዙ ሰው ያስቀየረው ነው። ለምሳሌ በመግቢያ 20 «አዎ»፣ 28 «አይ»፣ 12 ያልወሰነ ነበር እንበል፤ በመውጫው 27፣ 29 እና 4 ከሆነ «አይ» ቢበዛም ያሸነፈው «አዎ» ነው፤ አንዱ 7 ሰው ጨምሯል፣ ሌላው 1። ዘግይቶ የመጣ ሰው የመግቢያውን ወረቀት ስላልጣለ የመውጫውን አይጥልም። ይህ ሕግ በር ላይ ካልተነገረ የአንዱ ቡድን ጓደኞች በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ገብተው ቁጥሩን ያበላሹታል። ቆጠራውን ከሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ሰው ቆሞ ያየዋል።

ዳኞች ለተከራካሪዎች የሚሰጡትን አስተያየት አድማጩ ሻይ ሲጠጣ ለብቻ፣ ለእያንዳንዱ በሁለት ደቂቃ፣ የውሳኔ ካርዱን በእጃቸው ይዘው ይናገሩ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ምን እንደጎደለ በእርሳስ ጽፈው ይመልሱለት።